የሞተር ሳይክል ማርሚታ ጓርኒሲዮን በቤት መቀየር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

መካኒክ አይደለሁም። ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ የምኖር አስተማሪ ነኝ። አንዲት ባለ 150 ሞተር አለችኝ፤ እሷን እየፈታሁ እየገጠምሁ የለመድሁትን ነገር ጎረቤቱም የሥራ ባልደረባውም መጥቶ ይጠይቀኛል። ከሁሉ የሚበዛው ጥያቄ የማርሚታ ጓርኒሲዮን ስለሆነ ጥያቄዎቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። ነገሩን ገና ለሚጀምር ሰው ነው የጻፍሁት፤ ለጋራዥ ሰው አዲስ ነገር የለበትም።

የማርሚታ ጓርኒሲዮን የምትሉት የትኛውን ነው?

የጭስ ማውጫው (የማርሚታው) ቱቦ ከሞተሩ ጋር በሚገናኝበት ቀዳዳ ውስጥ የምትቀመጠዋን ቀለበት ነው። ጋስኬት የሚላትም አለ። ቱቦው በሁለት ዳዶ (የብሎን መቆለፊያ) ቴስታታው ላይ፣ ማለት የሞተሩ የላይኛው ክፍል ላይ፣ ሲጠብቅ ቀለበቷ መሀል ላይ ትጨፈለቅና በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን ክፍተት ትደፍናለች። አንዳንዷ ከስስ መዳብ ታጥፋ የተሠራች ሆና ውስጧ ቃጫ መሰል ነገር አለው፤ አንዳንዷ ድፍን መዳብ ናት፤ አንዳንዷ ደግሞ ብረትና ግራፋይት ተደባልቆባት ጥቁር ናት።

የቴስታታ ጓርኒሲዮን ሌላ ዕቃ ነው፤ እሱን ለመቀየር ሞተሩ ራሱ ይፈታል። ሱቅ ስትሄዱ "የማርሚታ" ብላችሁ ጠይቁ፤ አለዚያ ሻጩ አንድ ትልቅ ወረቀት የመሰለ ነገር አውጥቶ ዋጋ ይነግራችሁና ደንግጣችሁ ትመለሳላችሁ።

እንደተበላሸች በምን አውቃለሁ?

ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አስነሱትና አዳምጡ። ጠ ጠ ጠ ጠ የሚል፣ ጋዝ ስትሰጡት አብሮ የሚፈጥን፣ ሲሞቅ ግን እየደከመ የሚሄድ ድምፅ ከሰማችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት እሷን ነው። ብረት ሲሞቅ ስለሚለጠጥ ክፍተቱን ራሱ በከፊል ይዘጋዋል። ለዚህ ነው ጋራዥ እስክትደርሱ ድምፁ ጠፍቶ "ምንም የለበትም፣ ንዳው" ተብላችሁ የምትመለሱት። ሞተሩን ለመካኒክ ማሳየት ካለባችሁ አሳድራችሁ በጠዋት አሳዩት።

ቀጥሎ በዓይን እዩ። ቱቦው ቴስታታው ላይ በሚጠብቅበት ዙሪያ እንደ ድስት ቂጥ የጠቆረ ጥቀርሻ ካለ ጭሱ በዚያ እየወጣ ነው። እኛ ጋ ይሄ ምልክት ቶሎ ይታያል። ባሕር ዳር ስሟ እንጂ ባሕሯ ሐይቅ ነው፤ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ወለል ላይ ካለው 80 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። ካርቡራቶሩ (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ) ለቆላ አገር የተለካ ከሆነ ነዳጁ ለአየሩ ይበዛበትና ጭሱ ይጠቁራል።

ሦስተኛው ምልክት ቁልቁለት ላይ ነው። ከቤዛዊት ኮረብታ ስትወርዱ ጋዙን ለቅቃችሁ ማርሚታው ጧ! ጧ! የሚል ከሆነ፣ በተከፈተው ቀዳዳ የውጭ አየር እየገባ ሳይቃጠል የወጣውን ነዳጅ ቱቦው ውስጥ እያቃጠለው ሊሆን ይችላል።

ለማረጋገጥ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ መጋጠሚያውን የሳሙና ውሃ ቀቡትና አስነሱ። አረፋው ከፈላ መልሱን አገኛችሁ። ቱቦው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስለሚግል ቶሎ ማየት ነው፤ እጅ ግን ከመጋጠሚያው ይራቅ።

ቫልቭ ነው ያሉኝስ?

ሊሆን ይችላል፤ ድምፃቸው ይመሳሰላል። ቫልቩ ሲላላ የሚሰማው ብረት ብረትን ሲመታ ነው፤ ደረቅ ነው፤ የሚመጣውም ከላይ ከሞተሩ ክዳን ነው። የጓርኒሲዮኗ ውስጡ ትንፋሽ አለበት፦ ጠፍ ጠፍ። ክንድ የሚያህል የላስቲክ ቱቦ ፈልጉና አንዱን ጫፍ ጆሯችሁ ላይ፣ ሌላውን ወደ ክዳኑ ከዚያም ወደ ማርሚታው መጋጠሚያ አስጠጉት። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ያለ ምንም ጥርጥር ትሰማላችሁ። እኔ የምጠቀመው ከተጣለ የውሃ ቱቦ የቆረጥሁትን ነው፤ ልጆቼ "ሐኪሙ አባታችን" እያሉ ይስቁብኛል።

እንዲሁ ብነዳው ምን ይሆናል?

ነገ አይቆምባችሁም። ለሳምንት ብትነዱት ሞተሩ አይሞትም። ሲቆይ ግን የሚወጣው ትኩስ ጋዝ የቴስታታውን ለስላሳ አሉሚኒየም እየበላ መቀመጫውን ያጎደጉደዋል፤ ያኔ አዲስ ቀለበት ብትገዙም አትደፍንም። በኢንጀክሽን የሚሠራና ጭስ ማውጫው ላይ ሴንሰር ያለው ሞተር ከሆነ ደግሞ ሴንሰሩ በገባው አየር ይታለላል፤ ነዳጅ ያነሰ መስሎት ስለሚጨምር ቤንዚን ያባክናል።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ብዙዎቻችን ሌባ ፈርተን ሞተሩን ማታ ሳሎን እናስገባለን፤ ጠዋት እዚያው በር ዘግተን አስነስተን እናሞቃለን። ከሞተር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቤት ዘግቶ ከሰል አንድዶ የተኛን ሰው የሚገድለው ያው ጋዝ ነው። ሽታም ቀለምም የለውም። ጓርኒሲዮኗ ደህና ብትሆንም ይሄ ክልክል ነው፤ ሞተሩ ውጭ ነው የሚነሳው።

ምን ምን መሣሪያ ያስፈልገኛል?

ብዙ አይደለም። ትንንሽ ሞተሮች ላይ ቱቦውን የሚይዙት ቴስታታው ላይ የተተከሉ ሁለት ብሎኖች ናቸው፤ ከዚህ በታች ትክል ብሎን እላቸዋለሁ። ውፍረታቸው ባለ 6 ወይም ባለ 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ የባለ 6ቱ ዳዶ በ10 ቁጥር፣ የባለ 8ቱ በ12 ወይም በ13 ይፈታል። ዳዶውን ዙሪያውን የሚይዝ መፍቻ ይሻላል፤ አፉ ክፍት የሆነው የዛገ ዳዶ ጠርዝ ይበላል። ማርሚታውን ከኋላ የያዘው ብሎን አብዛኛውን ጊዜ ትልቅ ነው፤ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ለኩ። ከዚያ የሽቦ ብሩሽ፣ ጫፉ የታጠፈ ቀጭን ሽቦ፣ ባትሪ (የእጅ መብራት)፣ ዝገት የሚያላቅቅ የሚረጭ ዘይትና ጥቂት ግራሶ። ፒንሳ ለዳዶ አይሆንም። አንድም ጊዜ ቢሆን።

ሱቅ ስሄድ ምን ብዬ ልግዛ?

አሮጌዋን ይዛችሁ ሂዱ። ስታነጻጽሩ የውስጥና የውጭ ስፋቷን ተመልከቱ እንጂ ውፍረቷን አትመልከቱ፤ አሮጌዋ ተጨፍልቃ ስለሳሳች አዲሷ ሁልጊዜ ወፍራም ሆና ትታያለች። አንድ ጎረቤቴ ይሄን ሳያውቅ "ይቺ ወፍራም ናት" ብሎ ሁለት ቀን ሲዞር ከረመ። ሁለት ግዙ፤ ከዚህ ሥራ ሁሉ ርካሿ እሷ ናት።

ሲሊኮን ብቀባውስ? ወይም ከቆርቆሮ ቆርጬ?

ሁለቱንም አይቻለሁ። ሞተሬን ስገዛት የቀድሞ ባለቤቷ ጋራዥ ወስዶ አሠርቷት ነበር፤ ስፈታት ከቀለበት ፈንታ ከዘይት ቆርቆሮ የተቆረጠ ክብ አገኘሁ፤ ቆርቆሮው ላይ የዘይቱ ስም ግማሹ ገና ይነበባል። በላዩ ቀይ ሲሊኮን ተለድፎበታል፤ ሲሊኮኑ እንደ ተቃጠለ እንጀራ ተሰነጣጥቋል። ሙቀት ይችላል የሚባለው ቀይ ሲሊኮን 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ድረስ ነው አቅሙ፤ ከሞተሩ የሚወጣው ጋዝ ግን ጭነት ሲኖር ከ500 ዲግሪ ያልፋል። ማርሚታና ቱቦ ኋላ በሚገጣጠሙበት ቦታ ለማርሚታ ተብሎ የተሠራ ማስቲሽ ያስኬዳል፤ ቴስታታው በር ላይ ግን ቀለበት ብቻ።

ዳዶው አልፈታ አለኝ። ምን ላድርግ?

ይሄ ነው ዋናው ጥያቄ። ቀለበት መቀየር ልጅም ይችለዋል፤ ሥራው ዳዶው ነው። ያ ዳዶ ዓመት ሙሉ ሲግል ሲቀዘቅዝ፣ ክረምት ጭቃ ሲጠጣ ኖሯል፤ ከብሎኑ ጋር አንድ አካል ሆኗል።

ማታ፣ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ የብሎኑን ጥርስ በሽቦ ብሩሽ ጥረጉት። ዳዶው ወደፊት የሚያልፍበት ጥርስ ዝገት ካለበት መሀል ላይ ይይዘዋል። ከዚያ ዘይቱን ርጩና አሳድሩት። የሚረጨው ከሌላችሁ ናፍጣ በጠብታ አድርጉበት፤ ትኩስ ቱቦ ላይ ግን በፍጹም፣ ይነድዳል። ጠዋት ድገሙት። ከዚያ መፍቻውን አስገብታችሁ ሩብ ዙር እንኳ ሳይሞላ ትንሽ ፍቱ፤ መልሳችሁ ትንሽ አጥብቁ፤ እንደገና ፍቱ። ወደፊት ብቻ አትግፉ። ወዲያና ወዲህ ሲል ዘይቱ ይገባል፣ ዝገቱ ይፈጫል። ዳዶው ሲለቅ ክርክር የሚል ድምፅ አለው። ያ ጥሩ ድምፅ ነው። ሳይጮህ እንደ ሙጫ ተለጥጦ የሚዞር ከመሰላችሁ ግን ቁሙ። እየዞረ ያለው ዳዶው አይደለም፣ ብሎኑ ራሱ እየተጠመዘዘ ነው።

ዳዶው ከነትክል ብሎኑ ተነቅሎ ከወጣ አትደንግጡ። ዳዶውን ለዩት፣ ጥርሱን አጽዱ፣ ሁለት ዳዶ ብሎኑ ላይ አስገብታችሁ እርስ በርስ ቆልፏቸውና በውጭኛው ዳዶ ወደ ቦታው መልሱት።

ብሎኑ ተሰበረብኝስ?

እንኳን ደህና መጣችሁ፤ እኔም ከእናንተ አንዱ ነኝ። የመጀመሪያ ጊዜ ሥራዬ ላይ ዘይት ረጭቼ አንድ ስኒ ቡና እስክጠጣ ብቻ ጠበቅሁ። የግራው ዳዶ ተፈታ። ቀኙ እምቢ ሲለኝ መፍቻው ላይ የብረት ቱቦ ሰክቼ አስረዘምሁት። ለስለስ አለልኝ፤ ተፈታልኝ ብዬ ደስ አለኝ፤ ከዚያ ቀጭ! ዳዶው ከነቁራጭ ብሎኑ መፍቻው ውስጥ ቀረ። ስብራቱ ፊቱ ግማሹ የዛገ፣ ግማሹ እንደ ብር የሚያበራ ነበር፤ ማለት ድሮም ተሰንጥቆ ኖሯል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ በዚያ ላይ ሌላ ጥፋት ጨመርሁ፦ ከጎረቤት መሰርሰሪያ ተውሼ ልበሳው አልሁ። ብረቱ ጠንካራ፣ ዙሪያው ያለው አሉሚኒየም ለስላሳ ነው፤ መሰርሰሪያው እየተንሸራተተ ወደ አሉሚኒየሙ ገባ። ቴስታታውን አስፈትቼ ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚቀርጹበት) ወሰድሁት፤ ባለሙያው ቀዳዳውን አስፍቶ አዲስ ጥርስ አስገባበት። እጁ ይባረክ፣ እስከ ዛሬ ይዟል።

ስለዚህ የተረፈው ብሎን ጥቂት ሚሊ ሜትር ውጭ ከታየ፣ ቆልፎ በሚይዝ ፒንሳ፣ ከዘይትና ከሙቀት ጋር፣ ቀስ ብላችሁ ሞክሩ። ካልሆነ በያጅ ጫፉ ላይ ዳዶ በይዶ በዚያው ያዞረዋል፤ የብየዳው ሙቀት ራሱ ዝገቱን ያላቅቃል። ወደ በያጅ ስትሄዱ የሞተሩን ባትሪ ፍቱ። ብሎኑ ከቴስታታው እኩል ከተቆረጠ ግን መሰርሰሪያውን ለባለቤቱ መልሱ፤ ሥራው የቶርኖ ቤት ነው።

ቱቦውን ፈታሁ፤ ቀለበቷ ግን የለችም!

አለች። ቀዳዳው ውስጥ ተጣብቃ፣ በካርቦን ጠቁራ፣ የቴስታታው አካል መስላ ተቀምጣለች። ብዙ ጀማሪ ይሄን ሳያይ አዲሷን በላይዋ ይደርባል፤ ቱቦው ጠማማ ይጠብቅና በሳምንቱ ይተነፍሳል። ባትሪ አብሩና ጠርዙን በታጠፈው ሽቦ ዳሱት። ትንሽ ደረጃ ከነካችሁ ያቺ ናት። ከአንድ ጎን ጀምራችሁ ወደ ውጭ ሳቧት። በካቻቢቴ ስትፈለቅቁ መቀመጫውን አትጫሩት፤ በአሉሚኒየም ላይ ያለ ጭረት ለጭሱ መንገድ ነው።

ከመቧጨራችሁ በፊት ቀዳዳውን በጨርቅ ድፈኑ፤ ፍርፋሪ ቫልቩ ላይ እንዳይገባ። ጨርቁ ቀይ ይሁን፣ ጫፉም ውጭ ይንጠልጠል። ለምን እንደሆነ ረስቶት የገጠመ ሰው ይነግራችኋል።

ስገጥም ቅደም ተከተሉ እንዴት ነው? ምን ያህል ላጥብቅ?

ስትፈቱ መጀመሪያ የፊቱን ሁለት ዳዶዎች ነው፤ የኋላው ብሎን ማርሚታውን ይዞ እንዲጠብቃችሁ። ስትገጥሙ ደግሞ አዲሷን ቀለበት በጥቂት ግራሶ ነክታችሁ ቀዳዳው ውስጥ ለጥፏት፤ እንዳትወድቅ ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ቱቦውን አስጠጉ፣ ዳዶዎቹን በእጅ አስገቡ፣ የኋላውን ብሎን በእጅ ብቻ ያዝ አድርጉት። ከዚያ የፊቱን ዳዶዎች ግራና ቀኝ እያፈራረቃችሁ በሩብ ዙር አጥብቁ፤ ማቀፊያው ብረት በሁለቱም በኩል እኩል መግባት አለበት። የኋላው ብሎን መጨረሻ ላይ ነው። እሱን አስቀድማችሁ ካጠበቃችሁ ቱቦው ተወጥሮ ይቀራል፤ ውጥረቱም ወይ ቀለበቷን ወይ ማርሚታውን ይሰነጥቃል።

መጠኑን የሞተሩ መመሪያ ይነግራችኋል፤ እሱን አስቀድሙ። ከሌለ ለባለ 6 ሚሊ ሜትሩ 10 ኒውተን ሜትር ገደማ፣ ለባለ 8ቱ 20 ገደማ ነው። መለኪያ መፍቻ የለኝም ለምትሉ፣ 10 ኒውተን ሜትር ምን እንደሆነ እጃችሁን ማስተማር ይቻላል። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ውሃ ሙሉበት። መፍቻውን ዳዶው ላይ አግድም አስቀምጡና ጀሪካኑን ከዳዶው 20 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ በገመድ አንጠልጥሉት። ያ ክብደት የሚያዞረው 10 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ ስታዩ ትገረማላችሁ፤ አብዛኛው ጎረምሳ የዚህን ሦስት እጥፍ ይጠመዝዛል። ጥርሱ ላይ ሙቀት የሚችል የመዳብ ቅባት ከቀባችሁ ደግሞ ከዚያም ትንሽ ቀነስ አድርጉ፤ የተቀባ ዳዶ በቀላሉ ይጠብቃል።

አሮጌዋን መልሼ ብጠቀምስ?

የታጠፈችዋና የግራፋይቷ አንዴ ከተጨፈለቁ አለቀላቸው። ድፍን መዳብ ከሆነች ግን መላ አላት፤ ተጨፍልቃ የደረቀች መዳብ እሳት ላይ ደብዛዛ ቀይ እስክትሆን ቢያግሏትና ውሃ ውስጥ ቢነክሯት ትለሰልሳለች። ብረት ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፤ መዳብ ግን እንዲህ ነው ጠባዩ። ከቡና በኋላ በሚቀረው ከሰል፣ ጥሩ ካራገባችሁት፣ ይሆናል። ባለቤቴ ግን ከሰሉን ለዚህ አትፈቅድልኝም።

ጨርሼ ሳስነሳው ጨሰብኝ!

ግራሶውና የእጃችሁ ቅባት ነው የሚቃጠለው። አምስት አሥር ደቂቃ ቆይቶ ይጠፋል። ሲቀዘቅዝ፣ በተለይ በማግስቱ ጠዋት፣ ዳዶዎቹን አንድ ጊዜ ፈትሹ፤ አዲስ ቀለበት ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ ትንሽ ትሳሳለች። ጢስ ዓባይ ድረስ ያለውን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን መንገድ ደርሳችሁ ከተመለሳችሁ ደግሞ እንደገና ፈትሹ። ያ መንገድ በደንብ ያልጠበቀ ዳዶ አያሳልፍም፤ የእኔን አንዱን መንገድ ላይ አስቀርቶታል።

ለባጃጅ ይሠራል? ለባለ ሁለት ምቱስ?

ለባጃጅ አሠራሩ ያው ነው፤ ቦታው ግን ጠባብ ነው፤ መፍቻ ማዞር ያደክማል። ባለ ሁለት ምት የሆኑት (ዘይት ከቤንዚን ጋር የሚያቃጥሉት) የድሮ ሞተሮች ላይ ቱቦው የሚጋጠመው ቴስታታው ላይ ሳይሆን ሲሊንደሩ ላይ ነው፤ አንዳንዶቹ በዳዶ ፈንታ በስፕሪንግ ይያዛሉ። ሲተነፍሱ ከጥቀርሻው ጋር ጥቁር ዘይት ይንጠባጠባል፤ ጉልበታቸውም በግልጽ ይቀንሳል።

ከሠራሁ በኋላ ሐይቅ ዳር ወስጄ ልጠበው?

ትኩስ ቱቦ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሱ፤ ዳዶውን ለሚቀጥለው ዓመት እያዛጋችሁት ነው። ሐይቁም ዘይታችንን አይፈልግም፤ እምቦጩ ይበቃዋል። ቤት፣ በባልዲ።

ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ሁሉ ከቀና ጠዋት ሦስት ሰዓት ጀምራችሁ ለምሳ ትደርሳላችሁ፤ ከለመዳችሁት ደግሞ አንድ ሰዓት አይሞላም። ዘይት የሚረጨው ማታ መሆኑን ግን አትርሱ። ቀኑን ስትመርጡ ዓርብ ማታ ርጩና ቅዳሜ ጠዋት ፍቱ። እሑድ የጀመራችሁት እንደሆነ፣ ብሎን ቢሰበር ቶርኖ ቤቱ ዝግ ነው፤ መለዋወጫ ሱቁም ዝግ ነው፤ ሰኞ ጠዋት ሥራ የምትሄዱት በእግር ነው። ከሽምብጥ እስከ ትምህርት ቤታችን አርባ ደቂቃ ፈጅቶብኛል።